ሰይፉን ማን ሠራው?

ነጌሌ ውስጥ ቢላ የሌለበት ቤት የለም። ቢላውን ማን እንደሠራው የሚያውቅ ቤት ግን ድሮ በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔም ከማያውቁት ወገን ነበርኩ፤ ያውም እዚሁ ያደግኩ፣ አስተማሪ የሆንኩ፣ ሁሉንም ሰው አውቃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሴት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጋሽ ደቻሳን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የራሴንም ጉድ ልናዘዝ ነው።

ጋሽ ደቻሳ ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድባቸው በእሳት ፍንጣሪ ተበልቶ የቀረ ሰው ናቸው። ከከብት ገበያው ጀርባ፣ አንድ ግራር ሥር ቆርቆሮ ዘርግተው ብረት ይቀጠቅጣሉ። አገሬው ቀጥቃጭን ቱምቱ ይለዋል። ቃሉ የሥራ ስም ነው፤ ሰው ሲናገረው ግን ድምፁን ትንሽ ዝቅ፣ ከንፈሩንም ትንሽ ጠመም ያደርጋል። ቱምቱ ዘንድ ገጀራ ይታዘዛል፣ ማረሻ ይሳላል፤ ምግብ ግን አይቀመስም።

ሰላምታውም ያጥራል። እዚህ አገር ሰላምታ ማጠር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ከሰው ሲገናኝ የከብቱን ናጋ፣ ሰላሙን ማለት ነው፣ የዝናቡን ናጋ፣ የልጆቹን ናጋ ተጠያይቆ፣ የአባቱን ስምና ጎሳውን ሰምቶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ጋሽ ደቻሳ ደጅ ግን ነገር የሚጀመረው "ይቺን ሳልልኝ" ተብሎ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ቢላ አስይዛ ስትልከኝ "ቱምቱው፣ እማዬ ቶሎ በል ብላሃለች" እላቸው ነበር። እሳቸውም ቶሎ ይሉ ነበር።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ያደግነው ከጦር ካምፑ አጥር ሥር ነው። በ1983 ጦሩ ሲበተን፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ቀርቅሮ አልጋ ሥር ሲገባ፣ ጋሽ ደቻሳ ሁለት አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። በየመንገዱ ዳር ከቆሙት የወታደር መኪናዎች ባሌስትራ ይፈታሉ! አባቴ በመስኮት ቀዳዳ አይቷቸው "አገር ሲፈርስ ይሄ ሰውዬ ብሎን ይፈታል" አለና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሳቀ። ለመኪና ክብደት የተሠራ ብረት ከሌላው ሁሉ እንደሚበልጥ የገባን ኋላ ነው። በዚያን ሳምንት የሰበሰቡት ባሌስትራ ከሃያ ዓመት በላይ አብልቷቸዋል። ብረት የሚቀጠቅጡበትም ከዚያው ያመጡት የታንክ ሰንሰለት ቁራጭ ነው።

ሥራቸው እሳቸው ያልረገጡት አገር ድረስ ሄዷል። ሻኪሶ ወርቅ የሚቆፍሩት ልጆች በእሳቸው ዶማ ይቆፍራሉ። ወደራ ቁጥቋጦ የሚመነጠረው በእሳቸው ገጀራ ነው፤ ግመል ነጂዎችም ቢላቸውን ታጥቀው እስከ ዶሎ ኦዶ ይወርዳሉ። ግን ሻኪሶ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ዶማው "የሀሺ ዶማ" ነበር የሚባለው። ሀሺ የነጌሌ ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ከጋሽ ደቻሳ እየተረከበ በየከተማው ያከፋፍላል። ክፉ ሰው አይደለም። በዕድሜው አንድ ሚስማር እንኳ መትቶ አያውቅም፤ ስሙ በሰው አፍ ሲጠራ ግን ደስ ይለዋል። ማን ይጠላል?

አሁን ወደ ሰይፉ።

1998 ዓ.ም. ነው። ለወላጆች በዓል ስምንተኛ ክፍሎች ቲያትር እንዲሠሩ ተወሰነና ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ። ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኩት አንድ የድሮ የፈረንጅ ፈረሰኞች ተረት ነበረኝ። ቬልማር ስለሚባል ሰይፍ ነው። አንድ ጨካኝ ባላባት የሸለቆውን ሕዝብ ግንብ ውስጥ ዘግቶ በሩን ማንም በማይበጥሰው ሰንሰለት ያስረዋል። ከሩቅ የመጣ ፈረሰኛ ቬልማርን መዞ አንዴ ይመታል፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ሕዝቡ ይወጣል። አጭር ነው፣ ጩኸት አለው፣ ብዙ ልጅ ያሳትፋል። ለወላጆች በዓል ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ፈረሰኛው የሀሺ ልጅ ዒምራን ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩ ቀስ ማለት አያውቅም። በልምምድ ላይ ሦስት የእንጨት ሰይፍ ሰበረብኝ። በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆርጬ ወደ ግራሩ ሄድኩ።

"አካም ቡልታኒ ጋሽ ደቻሳ" አልኩ። አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ ቢያንስ አንቱ ማለት ጀምሬ ነበር።

"ናጋ፣ ቲቸር።" ዶማ እየመቱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ሰይፍ ፈልጌ ነው። ለቲያትር ነው፤ ባይቆርጥም ግድ የለም።"

"የማይቆርጥ ብረት?" አሉና ሳቁ። "እሱን መሥራት አልችልም። ቲያትሩ ምንድነው?"

ተረቱን ነገርኳቸው። ተረት ስነግር እጄም አፌም አያርፍም፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ራሴው አንዲት ማሰሮ ልገለብጥ ነበር። ስጨርስ ጋሽ ደቻሳ መዶሻውን አስቀምጠዋል። እሳት እየነደደ መዶሻ ሲያስቀምጡ አይቼ አላውቅም።

"ሰንሰለቱ ስንት ጣት ይወፍራል?"

"ሦስት ጣት" አልኩ፤ ዝም ብዬ።

"የሰይፉ ስለት አልተሸረፈም?"

"አልተሸረፈም።"

"ሲግል በምን ነከሩት? በውሃ ነው፣ በዘይት?"

"አልተጻፈም።"

"ሲቢላውስ ከየት መጣ?"

"ብረቱም አልተጻፈም፣ ጋሽ ደቻሳ። ተረት እኮ ነው።"

ተረት መሆኑን የሰሙ አይመስሉም። "ሰይፉ ስም አለው ብለሻል።"

"ቬልማር።"

"ፈረሱስ?"

"ሞራን።"

"የሰውዬው ስም አለ? የአባቱም?"

"ሁሉም አለ።"

"ቱምቱውስ? መቃንሳ ኤኙ?" ስሙ ማን ነው ማለታቸው ነው።

"እሱም አልተጻፈም" አልኩና ሳቅ አመለጠኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሳቸው አልሳቁም። "ፈረስ ተጽፎ?" አሉ ቀስ ብለው። "ሣር የሚበላው ስሙ ተጽፎ፣ ሰይፉን የሠራው አልተጻፈም?" ከዚያ መዶሻቸውን አነሱ። "ሂጂ ፈልጊ፣ ቲቸር። አንቺ ነሽ የምታነቢው። የሱ ስም ሲመጣ ሲቢላው እሳት ይገባል። ካልመጣ አይገባም።"

ማሎ አልኩ፣ ለመንኩ። በኦሮምኛም በአማርኛም ለመንኩ። ወይ ፍንክች!

ሁለት ቀን ተበሳጨሁ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ትክክል መሆኑን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ፤ የተበሳጨሁት ለዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአውሮፓ ካርታ ሳይ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ግራሩ ሮጥኩ።

"ተገኘ፣ ጋሽ ደቻሳ! ሊዮን ይባላል።"

ቆመው ተቀበሉኝ። "የአባቱስ?"

አባት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "ቦን" አልኩ።

"ሊዮን ቦን። የአያቱስ?"

"በርን።"

"ጎሳው?"

"ፓርማ።"

እሳቸውም ስሙን ሦስት ጊዜ ደጋግመው በቃላቸው ያዙት። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ፈገግታ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሳላስበው ደስ አለኝ፤ ውሸቴ ይህን ያህል ካስደሰተ ምን ጥፋት አለው ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ከ1983 ጀምሮ ለምንም ሥራ ያልነኩት አንድ ወፍራም ባሌስትራ ነበራቸው፤ እሱን አወጡት። አምስት ቀን ሌላ ሥራ አልሠሩም። ሀሺ ያዘዘው ዶማ ቆሞ ቀረ፤ ሀሺ ሲመጣ "ሊዮን ይቅደም" ብለው መለሱት። በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት እየሄድኩ አያቸው ነበር። ወናፉን ራሳቸው ይነፋሉ፣ ብረቱ ሲቀላ አውጥተው ይመታሉ፣ መልሰው ይከቱታል። በመጨረሻ የተቃጠለ ዘይት በሞላ በርሜል ውስጥ ሲነክሩት ጭሱ ግራሩን ሸፈነው፤ እሳቸው ከጭሱ መሐል "ሊዮንም በዘይት ነው! በውሃ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር!" እያሉ ይጮኻሉ።

ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለ ሊዮን ያወራሉ። ቢላ ሊያስል የመጣ ሰው ቆሞ የሊዮንን የአያት ስም ይማራል። ወሬው ወደራ ደረሰና እዚያ ያለው ወንድማቸው አረሮ፣ እሱም ቀጥቃጭ ነው፣ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። "ዱጋ ነው?" አለኝ መንገድ ላይ አስቁሞ፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው። "የኛ ሰው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል?" ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አላስታውስም፤ እሱ ግን እጄን ጨብጦ ምርቃት አወረደብኝ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ደቻሳ ራሳቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ወንድ ወልዳ ነበር። እሑድ ስም ይወጣለታል፤ ዘመድ ይመጣል፣ ወይፈን ይታረዳል።

"ሊዮን እንለዋለን" አሉ። "አንቺም ትመጫለሽ።"

ያን ቀን ራት አልበላሁም። ውሸት ለአንድ ሳምንት ሥራ ማስኬጃ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጠራበት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ልጁ አድጎ አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያው ካርታ ይሰቀላል። አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰይፉ አልቆ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ በጨርቅ እየወለወሉት ነው።

"ከተሞች ናቸው?" አሉ።

"አዎ።"

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም።"

"ጎሳውስ?"

"እሱም ከተማ ነው።"

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። "አረሮ ወደራ ላይ ለሰው ሁሉ ነግሯል። ለልጁም ሌላ ስም እንፈልጋለን" ብቻ አሉ። ከዚያ ሰይፉን ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ከወናፉ ጀርባ አስገቡት። "ሂጂ ቲቸር። ሥራ አለኝ።"

ቅዳሜ የወላጆች በዓል ደረሰ። ሜዳው ሞልቷል፤ የካምፕ ሰው፣ የገበያ ሰው፣ ከገጠር የወጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ሀሺ ከባለቤቱ ከቀድሪያ ጋር ፊት ወንበር ላይ ነው። የዒምራን ሰይፍ የመጥረጊያ እንጨት ሆኗል። ልጁ እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ።

ቲያትሩ ሊጀመር ሲል ጋሽ ደቻሳ ጆንያቸውን በብብታቸው ይዘው ከመድረኩ ጀርባ ብቅ አሉ።

"ይቅር አሉኝ?" አልኳቸው።

"አላልኩም" አሉ። "የታዘዘ ብረት ከቀኑ አልፎ እኔ ዘንድ አያድርም። አባቴም አላሳደረም።" ሰይፉን አስረክበው ሄዱና አጥሩ ሥር፣ ከሰው ሁሉ ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆሙ። እዚህ ከተማ የትም ስብሰባ ላይ የሚቆሙት እንደዚያ ነው።

ሰይፉን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ጠባብ፣ ረጅም፣ መሐሉ ላይ ወጣ ያለ መስመር ያለው፣ እጀታው በግመል ቆዳ የተጠቀለለ ነው። ውብ ነበር። ዒምራንን ጠርቼ "ይህ ይቆርጣል። ቀስ። ሰማኸኝ? ቀስ!" አልኩት። "ኤዬ ቲቸር" አለኝ።

ሰንሰለታችን የብር ቀለም የተቀባ ወፍራም ገመድ ነው። የግንቡ በር ብለን ባቆምነው የዳይሬክተሩ የአቶ ወልደገብርኤል ጠረጴዛ ላይ ጥብቅ አድርገን አስረነዋል። ዒምራን ወጣ፣ ሰይፉን መዘዘ፤ ፀሐይ ስለቱ ላይ ስታርፍ ሜዳው "ኧረ!" አለ። በቃ፣ ልጁ ያን ድምፅ ሲሰማ ምክሬን ረሳው። በሁለት እጁ አንስቶ በሙሉ ኃይሉ አወረደው።

ገመዱ ተበጠሰ። ጠረጴዛውም እስከ ግማሹ ተሰነጠቀ፤ ሰይፉ እንጨቱ ውስጥ ቆሞ ቀረ። አቶ ወልደገብርኤል ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እስረኛ የሆኑት ሠላሳ ልጆች የመውጫ ምልክታቸውን ሳይጠብቁ እየጮኹ ሜዳውን አጥለቀለቁት። ሕዝቡ አበደ፤ ፉጨቱ፣ እልልታው ሌላ!

ሁለት አባቶች ወጥተው ሰይፉን ነቀሉት። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። የገጠር ሽማግሌዎች አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ እያሳረፉ ይመረምራሉ፤ አንዱ ቀና ብሎ "አልተሸረፈም!" አለ። ወዲያው ጥያቄው ከየአቅጣጫው ተነሣ። "ኤኙቱ ሆጄቴ? ማን ነው የሠራው?"

ሀሺ በልማድ ብድግ አለ። "ይሄ ከኛ ሱቅ..." ብሎ ጀመረና ዝም አለ። የዚህን ሰይፍ ነገር እሱም እንደማያውቀው ትዝ ብሎት መሆን አለበት። ማይኩ እኔ እጅ ላይ ነበር።

"ወላጆች" አልኩ። "ይህ ተረት የሰይፉን ስም ይነግረናል፣ የፈረሱንም ይነግረናል። ቀጥቃጩን ግን ረስቶታል። ቀጥቃጩ ማን ነው ብለው የጠየቁኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እኔም ዋሸኋቸው። ሰሞኑን በከተማው የምትሰሙት ሊዮን የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ከካርታ ላይ የፈጠርኩት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸውም የወንድማቸውም አይደለም። ይህን ሰይፍ የሠሩት ሰው ግን አሉ። ጋሽ ደቻሳ..."

እዚህ ላይ ቆምኩ። ስም በአባት ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን የአባታቸውን ስም አላውቅም። ለሌለ ሰው አባትና አያት ፈጥሬ፣ ጎሳ ሰጥቼ፣ የእሳቸውን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም።

"ጋሽ ደቻሳ" አልኩ፤ ማይኩ ሜዳውን ሁሉ አሰማው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላውቀውም። የአባትዎ ስም ማን ነው?"

ሺህ ሰው ወደ አጥሩ ዞረ። ጋሽ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

"ቦሩ" አሉ።

"ደቻሳ ቦሩ!" አልኩ በማይኩ። ጭብጨባው ሳይበርድ ሀሺ ከፊት ወንበር ተነሣ። ይህን ሁሉ ዘመን ጋሽ ደቻሳን "አንተ" ብሎ ነው የሚጠራቸው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ "የአያትዎስ?" አለ።

"ጅሎ" አሉ ጋሽ ደቻሳ። ሁለት እርምጃ ከአጥሩ ወደ ሰዉ ቀረቡ። "የጅሎ አባት ገልገሎ ነው። የገልገሎ አባት ሀላኬ ነው። ሁሉም ቱምቱ ናቸው።"

አላቆሙም። አቶ ወልደገብርኤል በተሰነጠቀው ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፤ ገና የሽልማት ፕሮግራም ነበር። የሚያቋርጥ ግን አልተገኘም። እኔም ማይኩን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩና አፋቸው ሥር አደረግሁላቸው። ስምንተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዘጠነኛውን ጮክ ብለው ጠሩት።